የጥቃቅን ተርቦች ፕሮቲን አለርጂ ያስነሳል ወይ? ከኮምቦልቻ የሥራ ማስታወሻ

ነሐሴ መጨረሻ፣ ኮምቦልቻ

አገዳ ቆርቁርን፣ ማለትም የማሽላና የበቆሎ አገዳ ውስጡን የሚቆፍረውን ትል፣ የሚያጠቁ ጥቃቅን ተርቦችን ለማርባት አንዲት ክፍል ተከራይተናል። እኛ ማለት እኔና ከግብርና የተመረቁ ጥቂት ወጣቶች ነን። ክፍሏ ጠበብ ያለች ናት። መደርደሪያ፣ ክዳን ያላቸው የፕላስቲክ ዕቃዎች፣ ጥጥ፣ ማርና ሻሽ አስገብተናል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ተርቦቹን እናረባለን፣ ማሽላና በቆሎ ማሳ ላይ እንለቃቸዋለን፣ ገበሬው ለኬሚካል የሚያወጣው ብር ይቀንስለታል።

ሥራው ገና ሳይጀመር አንድ ጥያቄ መጣ። ከእኛ ጋር ልትሠራ የተመዘገበች ልጅ እናት ክፍሉ ድረስ መጡ። «ተርብ አይደል እንዴ የምታረቡት?» አሉኝ። «እኔ ተርብ ነድፎኝ ፊቴ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮኝ በመከራ ነው የተረፍኩት። ልጄ የኔን ወርሳ ቢሆንስ?»

«አይዞዎት እትዬ፣ እነዚህ ሰው አይናደፉም» ብሎ መሸኘት ይቻላል። ብዙ ሰው የሚለውም ይህንኑ ነው። የእሳቸው ጥያቄ ግን ከዚያ ይሰፋል። አለርጂ የሚያስነሳው የሚናደፍ ነገር ብቻ አይደለም። የሚተነፈስም፣ የሚበላም ያስነሳል። የአለርጂ ዝንባሌ ደግሞ በቤተሰብ እንደሚወረስ የታወቀ ነው። ስለዚህ ክፍሉን ከመክፈታችን በፊት ጉዳዩን በደንብ ላጣራ ወሰንኩ።

መስከረም፣ ቆቦ

መጀመሪያ ራሷን ተርቧን ማግኘት ነበረብኝ። ቆቦ ወረድኩ። ማሽላው ፍሬ መያዝ ጀምሯል። ባለማሳው ሼህ የዘሩት የአገሩን ዘር፣ ደጋሊት የሚባለውን ማሽላ ነው። ቅጠሉ ላይ ቀዳዳ የተደረደረበትን፣ መሃሉ የደረቀውን እየመረጡ ቆረጡልኝ።

አንዱን አገዳ በቢላ ለሁለት ሰነጠቅኩት። ውስጡ ቀላ ብሏል። ትሉ የቆፈረው ቦይ ከአንጓ እስከ አንጓ ይዘልቃል። ቦዩ በትሉ ዓይነ ምድር ተሞልቷል፤ ልክ እርጥብ ሰጋቱራ ይመስላል። መጨረሻው ላይ ትሉ አለ። ቆዳው ተጨማዶ ደርቋል። ከጎኑ ነጫጭ የድር ጥቅልሎች ተጠጋግተው ተለጥፈዋል። አንዷ ጥቅልል ርዝመቷ ሦስት አራት ሚሊ ሜትር ብትሆን ነው።

ሼሁ ጎንበስ ብለው አዩትና «ይኼማ የትሉ እንቁላል ነው፣ ሳገኘው በጥፍሬ ነው የምጨፈልቀው» አሉ። እንቁላል እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ጥቅልሉ ውስጥ ያለችው ትሉን የገደለችው ተርብ ናት። እሳቸው ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያ ጠላቴ መስላኝ ወዳጄን ስጨርስ ኖሬአለሁ» አሉ። ከዚያ በኋላ የሰነጠቅነውን ሁሉ እሳቸው ራሳቸው እያዩ ጥቅልል ያለበትን ለብቻ አስቀመጡልኝ።

ተርቧ ኮቴዢያ ትባላለች። እናትየዋ ወደ ቦዩ ገብታ ትሉን ትወጋውና ሰላሳ አርባ እንቁላል ሰውነቱ ውስጥ ትጥላለች። ልጆቿ ከውስጥ ሆነው እየበሉት ያድጋሉ፤ ከዚያ ቆዳውን ቀድደው ይወጣሉ። ከእነዚህ መካከል ኮቴዢያ ፍላቪፔስ የምትባለው የእስያ ዝርያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1993 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከፓኪስታን መጥታ ኬንያ ውስጥ ተለቀቀች። ኢትዮጵያ ውስጥ ማንም አልለቀቃትም፤ ራሷ ድንበር ተሻግራ እኛም ማሽላ ላይ ተገኘች። በ2017 የገባውን የአሜሪካ መጤ ተምች የምታጠቃ ሌላ የኮቴዢያ ዝርያም አለች። በ2018 በታተመ ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ በአንዳንድ ቦታ ከተሰበሰቡት የተምቹ ትሎች ከ34 እስከ 45 በመቶ የሚሆኑት በእሷ ተጠቅተው ተገኝተዋል። ለዚህ ነው በእነዚህ ተርቦች ላይ ተስፋ የጣልነው።

ስለ መናደፍ አንድ ነገር ልጻፍ። ኮቴዢያ በጣም ትንሽ ናት፤ መውጊያዋ ለትል ቆዳ እንጂ ለሰው ቆዳ የተሠራ አይደለም። እጄ ላይ ስትሄድ ምንም አይሰማኝም። «ጥገኛ ተርብ (እንደ ኮቴዢያ በሌላ ነፍሳት ላይ የሚያድግ) በሙሉ ሰው አይናደፍም» ማለት ግን ስህተት ነው። ማታ መብራት ለመብራት የሚዞሩ፣ ወገባቸው ቀጭን የሆኑ ትልልቆቹ ሲይዟቸው ይወጋሉ። ቤቲሊድ የሚባለው ቤተሰብ ደግሞ የእንጨት ነቀዝ እየተከተለ ቤት ይገባል፤ ሰውም ይናደፋል። ኮሪያ ውስጥ በእነዚህ ተነድፈው ከባድ የሰውነት ቁጣ የደረሰባቸው ሰዎች በሕክምና መጽሔት ተመዝግበዋል። ስለዚህ ዝርያው ተለይቶ ሳይታወቅ ማንም ለማንም «አይዞህ» ማለት የለበትም።

ጥቅምት፣ ኮምፒዩተር ፊት

ተርቦቹ ዕቃ ውስጥ እየፈለፈሉ ነው። እኔ ወደ ፕሮቲኖቹ ዞርኩ።

አለርጂ የሚነሳው በአጭሩ እንዲህ ነው። ሰውነት አንድን ፕሮቲን መጀመሪያ ሲያገኘው አይጂኢ የሚባል ፀረ እንግዳ አካል ይሠራበታል። ሁልጊዜ አይደለም፤ አንዳንድ ሰው ላይ። በሚቀጥለው ጊዜ ያው ፕሮቲን ወይም በጣም የሚመስለው ሲመጣ አይጂኢው ይይዘዋል፤ ማሳከክ፣ እብጠት፣ ትንፋሽ ማጠር ይከተላል። «በጣም የሚመስለው» የምትለዋ ናት የኔ ሥራ። ተርቧ ከቤት ተርብና ከንብ ጋር የሥጋ ዘመድ ናት። ፕሮቲኖቿስ ምን ያህል ይመስሏቸዋል?

ለዚህ የተዘጋጀ መንገድ አለ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በ2001 ያወጡት፣ ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ የሚያወጣው ኮዴክስ በ2003 ያጸደቀው ነው። በመጀመሪያ የታሰበው ዘረመላቸው ለተለወጠ ሰብሎች ነው። የአዲሱን ፕሮቲን የአሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚሠራባቸው ቁርጥራጮች) ቅደም ተከተል ከታወቁ አለርጅኖች፣ ማለትም አለርጂ ከሚያስነሱ ፕሮቲኖች፣ ዝርዝር ጋር ያስተያያሉ። ዝርዝሩን በነፃ ከሚያቀርቡት አንዱ በኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ የሚተዳደረው አለርጅን ኦንላይን ነው። በ80 አሚኖ አሲድ ስፋት ላይ 35 በመቶ ከተመሳሰለ ቆም ብለህ አስብ ይላል። ይኸውም ከ80ው 28ቱ አንድ ዓይነት ሆኑ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ይህችን የ80 መስኮት አንድ አንድ እያራመደ ፕሮቲኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያያል። ባለ 300 አሚኖ አሲድ ፕሮቲን ላይ 221 ጊዜ ያያል።

የተርቧን ፕሮቲኖች በሦስት ከፈልኳቸው።

አንደኛው ክፍል መርዟ ነው። የኮቴዢያ መርዝ እንደ ቤት ተርብ መርዝ ጠላት ለማሳመም የተሠራ አይደለም። ትሉን ለማዘናጋት ነው። ከዘመዷ ከኮቴዢያ ሩቤኩላ መርዝ የተለየው ቪኤን50 የሚባል ፕሮቲን የትሉ ደም እንዳይጠቁር ያደርጋል፤ ደሙ ካልጠቆረ ትሉ እንቁላሉን ሸፍኖ መግደል አይችልም። ካልሬቲኩሊን የሚባል ሌላም አለ። እዚህ ዝርዝር ውስጥ ከንብና ከቤት ተርብ አለርጅኖች ጋር ዝምድና ያላቸው ኢንዛይሞች አገኘሁ። አንዳንዶቹ ከ35 በመቶው መስመር ትንሽ ያልፋሉ።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በዘረመል የመረጃ ቋቶች ውስጥ «የመርዝ አለርጅን 3»፣ «የመርዝ አለርጅን 5» የሚል መለያ የተለጠፈባቸው የጥገኛ ተርብ ፕሮቲኖች ብዙ ናቸው። መለያውን የለጠፈው ፕሮግራም ነው፤ መልካቸውን አይቶ። ማንም ሰው ላይ አልተሞከሩም። በተቃራኒውም ይሠራል። የ35 በመቶ መስመር ሆን ተብሎ ዝቅ ተደርጎ የተሰመረ ነው፤ ለጥንቃቄ። በእውነተኛ ሕመምተኞች ላይ ሁለት ፕሮቲኖች ተደናግረው አለርጂ የሚያስነሱት ተመሳሳይነታቸው ብዙውን ጊዜ ከ70 በመቶ ሲያልፍ ነው፤ ከ50 በታች ብርቅ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ቫይረሱ ነው። ይህ የዚህ ሥራ አስደናቂው ክፍል ነው፤ ሳነብ እንቅልፍ ነስቶኛል። ተርቧ ከእንቁላሏ ጋር ቫይረስ መሰል ቅንጣቶች ትወጋለች። ቫይረሱ ከውጭ የመጣ አይደለም። ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የተርቦቹ ቅድመ አያት ዘረመል ውስጥ ገብቶ ቀረ፤ ዛሬ የተርቧ የራሷ አካል ነው። ትሉ ውስጥ ሲገባ መከላከያውን ያዳክማል። በ2015 በታተመ ጥናት የእነዚህ ተርብ ወለድ ቫይረሶች ዘረመል በሐር ትልና በሞናርክ ቢራቢሮ ዘረመል ውስጥ ተቀምጦ ተገኝቷል። ተፈጥሮ ራሷ ዘረመል ከነፍሳት ወደ ነፍሳት አሻግራለች ማለት ነው። የቫይረሱ ፕሮቲኖች አብዛኞቹ ከየትኛውም አለርጅን ጋር አልገጠሙም።

ሦስተኛው ክፍል መናኛ የሚመስለው ነው፤ የተርቧ ጡንቻና ሥጋ። መልሱ ያለው እዚህ ነው። ትሮፖማዮሲን የሚባለውን የጡንቻ ፕሮቲን ሳስገባ ዝርዝሩ በአንዴ ሞላ፤ ሽሪምፕ፣ በረሮ፣ በዓይን የማትታየው የቤት አቧራ ተባይ። ተመሳሳይነቱ ከመርዙ ሁሉ የበለጠ ነው። አርጂኒን ካይኔዝ የሚባለው የጡንቻ ኢንዛይምም እንዲሁ። እኛ አገር ሽሪምፕ የሚበላ እምብዛም የለም። በረሮና አቧራ የሌለበት ቤት ግን የት አለ? በእነሱ ምክንያት አስም ያለበት ሰው ይህችን ተርብ አድቅቆ ቢተነፍሳት ሰውነቱ «አውቃታለሁ» ሊል ይችላል።

እናቲቱ የፈሩት መውጊያውን ነበር። ወረቀቱ የሚያሳየው ግን ከመውጊያው ይልቅ ብናኙን ነው።

ኅዳር፣ ደሴ

አንዲት ጓደኛዬ የምትሠራበት ላብራቶሪ ውስጥ ቦታ አገኘሁ። የሆድ አሲድ ሙከራ ላደርግ ነው። ሆድ ውስጥ ፕሮቲንን የሚፈጨው ፔፕሲን ነው። ቶሎ የሚፈጭ ፕሮቲን በምግብ በኩል አለርጂ የማስነሳት ዕድሉ ያንሳል። ስለዚህ ፕሮቲኑን ከፔፕሲን ጋር በ37 ዲግሪ አቆይተህ በየደቂቃው ናሙና ትወስዳለህ።

ማን ተርብ ይበላል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ አገዳው ውስጥ የሞተች ተርብ ከማሽላው ጋር አብራ ልትወቃ ትችላለች። ሁለተኛ፣ አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ከሌላ ጥገኛ ተርብ ቲኤስፒ14 የሚባል ፕሮቲን ወስደው ትምባሆ ውስጥ አስገብተዋል፤ ቅጠሉን የበላው ትል እድገቱ እንደቀነሰ በ2003 አሳትመዋል። ነገ አንድ ሰው በማሽላ ላይ ልሞክረው ቢል መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነው።

የሞቱ ተርቦችን በጨው ውሃ ፈጨሁ። ፈሳሹን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን አፈላሁት። ትሮፖማዮሲን ሲፈላ አይረጋም፤ ሌላው ፕሮቲን ረግቶ ሲወርድ እሱ ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ማፍላት ብቻውን ጥሩ ማጣሪያ ነው። ውድ ዕቃ አይፈልግም።

ከዚያ ጄል ላይ፤ ፕሮቲኖችን በኤሌክትሪክ እየሳበ በመጠናቸው የሚለያይ ዝልግልግ ሰሌዳ ነው። መብራት መሃል ላይ ሄደ፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ጠበቅን። ቀለም ነክረን ስናየው ያልፈላው ናሙና በዜሮ ደቂቃ ከላይ እስከ ታች በሰማያዊ መስመሮች ተሞልቷል። በ2 ደቂቃ አብዛኞቹ የሉም። በ10 ደቂቃ ባዶ ማለት ይቻላል፤ አንዲት ወፍራም መስመር ብቻ ቀርታለች። ይህችን መስመር ያየ ሁሉ «ያልተፈጨ ፕሮቲን» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። እሷ ግን ፔፕሲኑ ራሱ ነው፤ 35 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) አካባቢ ይቆማል። ለዚህ ነው ፔፕሲን ብቻውን የሚሮጥበት መስመር ከጎን ሊኖር የሚገባው። ቶሎ የሚፈጭ አልቡሚንና እንደልቡ የማይፈጭ የወተት ፕሮቲንም ለማነጻጸሪያ አብረው ሮጠዋል፤ ሁለቱም እንደሚጠበቀው ሆኑ።

የፈላው ናሙና ሌላ ታሪክ አለው። ከፔፕሲኑ ትንሽ ከፍ ብላ የምትቆም መስመር አለች። በ10 ደቂቃ ቀጥናለች፤ ግን አለች። ትሮፖማዮሲን ከሚቆምበት ጋር ይገጥማል። ከኮምፒዩተሩ ውጤት ጋርም ይስማማል።

አንድ ልጅ «ክንድሽ ላይ ጫር አድርገሽ ብትቀቢውስ? በ15 ደቂቃ ታውቂያለሽ» አለኝ። አይሆንም አልኩት። የቆዳ ሙከራ ሐኪም ባለበት፣ ለከባድ አለርጂ የሚወጋው መድኃኒት ኤፒኔፍሪን ተዘጋጅቶ የሚደረግ ነው። በራስም ላይ ቢሆን በጓዳ አይደረግም።

የጄሉ ውጤት ፍርድ አይደለም። በ1996 የታተመውን የብራዚል ነት ታሪክ አስቡ። የነቱ ፕሮቲን አኩሪ አተር ውስጥ ገባ፤ ለነቱ አለርጂ ካለባቸው 9 ሰዎች የ8ቱ ደም አዲሱን አኩሪ አተር ያዘው። ያንን ያሳየው የሰዎቹ ደም እንጂ ጄል አልነበረም። አኩሪ አተሩም ገበያ ሳይወጣ ቀረ። ስታርሊንክ የተባለው ዘረመሉ የተለወጠ በቆሎ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ፕሮቲኑ ቶሎ አልፈጭ ስላለ ለሰው ምግብ አልተፈቀደም ነበር፤ በ2000 ምግብ ውስጥ ተገኝቶ ከገበያ ተሰበሰበ። አመመን ያሉትን ሰዎች ደም የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሲመረምር ግን ለዚያ ፕሮቲን አለርጂ ስለመኖሩ ማስረጃ አላገኘም። ስለዚህ አንዷ ሙከራ ብቻዋን አትፈርድም። ሁሉም ተደማምረው ነው የሚመዘኑት።

ታኅሣሥ፣ ኮምቦልቻ

ክፍሉን በከፊል ከፍተናል። ከኮቴዢያ በተጨማሪ ትሪኮግራማ የምትባለውን፣ የተባይ እንቁላል ውስጥ የምታድገውን ተርብ ልናረባ አስበናል። እሷ የምትረባው በሩዝ የእሳት ራት እንቁላል ላይ ነው። ስለዚህ የእሳት ራቶቹን ማርባት ጀመርን።

ልጅቷ ማስነጠስ የጀመረችው የእሳት ራቶቹ ከወጡ በኋላ ነው። ዓይኗ ይቀላል፤ ቤት ስትገባ ይተዋታል። ዕቃውን ስትከፍት ቆሜ አየኋት። ክዳኑ ሲነሳ ራቶቹ ክንፋቸውን አራገቡ፤ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ግራጫ ብናኝ ሲንሳፈፍ በግልጽ ይታያል። የክንፋቸው ቅርፊት ነው። ጠረጴዛው ላይ ጣቴን ሳሳርፍ ጣቴ ግራጫ ሆነ። ኮቴዢያ ካሉበት መደርደሪያ ግን ምንም የለም።

የእሳት ራት ቅርፊት የሚያርቡ ሰዎችን ትንፋሽ እንደሚያስቸግር በዚህ ሙያ ያሉ ሰዎች ያውቁታል። ለተባይ መከላከያ የሚረቡ ሌሎች ጥቃቅን ፍጥረታትም ከዚህ አይወጡም። ኔዘርላንድስ ውስጥ በ2002 በታተመ ጥናት በርበሬ በሚያለሙ የመስታወት ቤቶች ከሚሠሩ ሰዎች 23 በመቶ የሚሆኑት ለተባይ መከላከያ ለሚለቀቅ፣ ሌሎች ተባዮችን ለሚበላ፣ የቤት አቧራ ተባይን ለሚመስል አንድ ጥቃቅን ፍጥረት አለርጂያዊ ምላሽ ሰጥተዋል። እነዚህ ፍጥረታት ሰው አይናደፉም። ጉዳዩ በየቀኑ አብሮ መዋል ነው።

ልጅቷን ከእሳት ራቱ አወጣኋት። ሐኪም እንድታይም ላክናት። ከዚያ የትንፋሽ መለኪያ ቱቦ ገዛን፤ የሚነፋበት፣ ቁጥር የሚያሳይ፣ ርካሽ ዕቃ ነው። ሁሉም ሠራተኛ ጠዋት ከመግባቱ በፊት፣ ሥራ ላይ፣ ከወጣ በኋላና ማታ ይነፋል፤ በዕረፍት ቀኑም። ቁጥሩ በሥራ ቀን እየወረደ በዕረፍት የሚያገግም ከሆነ ምክንያቱ ክፍሉ ሳይሆን አይቀርም። ቁጥሮቹ የሚጻፉባት ወረቀት ከጄሌ የበለጠ የምትነግረኝ ይመስለኛል።

ጥር፣ ኮምቦልቻ

እናቲቱን አግኝቼ ያገኘሁትን ነገርኳቸው። ኮቴዢያ ልጅዎን አትናደፍም። የመርዟ ፕሮቲን ከቤት ተርቡ መርዝ ጋር ዝምድና ቢኖረውም በመናደፍ ወደ ሰውነት አይገባም። የተርብ መርዝ አለርጂ ደግሞ ሰው ሳይነደፍ አብሮት አይወለድም፤ የሚወረሰው ዝንባሌው ነው። ያስቸገራት የእሳት ራቱ ብናኝ ይመስለኛል፤ እሱን የሚያረጋግጠው ግን ሐኪም እንጂ እኔ አይደለሁም። እሳቸው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «እንግዲያው ማሳ ላይ ትሥራ፣ ክፍል ውስጥ አትግባ» አሉ። ልጅቷም ተስማማች። አሁን ቆቦ እየሄደች ጥቅልል ትሰበስባለች።

ክፍሉን ቀይረነዋል። ኮቴዢያ ባለችበት ትቆያለች። የሞቱ ተርቦች ሳይደርቁና ሳይደቁ በየቀኑ ይለቀማሉ። መጥረጊያ ተከልክሏል፤ ወለሉም ጠረጴዛውም በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። የሥራ ልብስ እዚያው ይወልቃል፣ ቤት አይሄድም። አስም ያለበትን ሰው ከመመዝገባችን በፊት እንጠይቃለን፤ ለማግለል ሳይሆን ማሳ ላይ ለመመደብ።

የቀረው የደም ምርመራ ነው፤ ለበረሮና ለአቧራ አለርጂ ያለባቸው ሰዎች ደም ከተርቧ ትሮፖማዮሲን ጋር ይያያዝ እንደሆነ። ያንን በፈቃዳቸው የሚሰጡ ሰዎች፣ የሥነ ምግባር ፈቃድና ሐኪም ይፈልጋል። ደብዳቤውን እያዘጋጀሁ ነው። ትሪኮግራማን በተመለከተ ግን አየር የሚያስወጣ ማራገቢያና ለብቻው በር ያለው ክፍል እስኪሠራ፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛም በቂ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ እስኪገዛ፣ የእሳት ራቶቹን ዕቃ አልከፍትም።